ተከራይ ሳይገባ የሚከፈለው ዕዳ

ለማከራየት ብዬ የመጀመሪያውን ቤት በብድር ስገዛ ጭንቀቴ ሁሉ በወለድ ምጣኔው ላይ ነበር። ከአንዱ አበዳሪ ወደ ሌላው እየተመላለስኩ ግማሽ በመቶ ለማስቀነስ ስደክም፣ ቤቱ ከተገዛበት ቀን አንሥቶ ተከራይ እስኪገባበት ድረስ ስላለው ጊዜ በወጉ አላሰብኩም ነበር። ሁለት ወር ይበቃዋል ያልኩት እድሳት አምስት ወር ፈጀ፤ በእነዚያ ወራት የብድሩን ክፍያ የሸፈነው ደመወዜ ነው።

ነገሩን በቁጥር ስመለከተው ይበልጥ ያናድደኛል። ገንዘቡ የየትኛውም አገር ይሁን፣ 100,000 በ12 በመቶ ዓመታዊ ወለድ በ20 ዓመት ለመመለስ የተበደረ ሰው በየወሩ 1,101 ገደማ ይከፍላል። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ ውስጥ 1,000 ያህሉ ወለድ ሲሆን ከዋናው ብድር የሚቀነሰው 101 ብቻ ነው። ወለዱ ወደ 11.5 በመቶ ቢወርድለት ወርኃዊ ክፍያው 1,066 ገደማ ይሆናል፤ ማለትም ያ ሁሉ ምልልስ የሚያተርፈው በወር 35 ያህል ነው። በአንጻሩ እኔ ያላሰብኳቸው ሦስት ተጨማሪ ወራት 3,303 ይፈጃሉ። ይህም ግማሽ በመቶ በማስቀነስ ስምንት ዓመት ገደማ ሙሉ የሚገኘውን ቁጠባ ይበላል፤ በእነዚያ ወራት የቀረብኝን ኪራይ ገና አልቆጠርኩትም።

አበዳሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚያበድረው ቤቱ ዛሬ በሚገመትለት ዋጋ መሠረት እንጂ ታድሶ በሚያወጣው ዋጋ ስላልሆነ፣ የእድሳቱ ወጪ ከገዢው ኪስ ይወጣል። ለእድሳት የሚያበድር ቢገኝ እንኳ ገንዘቡን የሚለቀው ሥራው እየታየ በየደረጃው ስለሆነ፣ መነሻ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ መያዝ አይቀርም። ስለዚህ አሁን ቅድመ ክፍያውን ብቻውን አልቆጥረውም፤ የእድሳቱን ግምት፣ በላዩ ላይ ቢያንስ አንድ አምስተኛ መጠባበቂያና የስድስት ወር የብድር ክፍያ እደምርበታለሁ። ድምሩ ካለኝ በላይ ከሆነ ቤቱ የቱንም ያህል ቢያምረኝ እተወዋለሁ። የኪራዩንም ገቢ በ12 ወር ሳይሆን በ11 ወር አሰላለሁ፤ ተከራይ ሲለቅና ሌላ ሲገባ የሚባክነው ጊዜ ሁሌም አለና።

እድሳቱ የዘገየው ቅደም ተከተሉን በመሳቴ ነው። ቶሎ እንዲያምርልኝ ስለጓጓሁ ግድግዳው ተቀብቶ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ሴራሚክ ተነጥፎ አለቀ። ከሦስት ሳምንት በኋላ በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ፣ ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ፣ አዲሱ ቀለም እንደ ቅርፊት ተነሣ፤ በጣቴ ስጭረው ሥሩ ጨው የመሰለ ነጭ ዱቄት ሆኖ ተገኘ። ይህ ዱቄት በግድግዳው ውስጥ ያለው ውኃ ሲተን ትቶት የሚሄደው ጨው ነው፤ እርጥበቱ ሳይቆም ምንም ዓይነት ቀለም አይዝበትም። ከመታጠቢያው ጀርባ ያለው ቧንቧ ያፈስ ኖሯል። አዲሱ ሴራሚክ ፈረሰ፣ ቧንቧው ተቀየረ፣ ልስኑ እስኪደርቅም መጠበቅ ግድ ሆነ።

ይህን አስቀድሞ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም ነበር። በቤቱ ያሉትን ቧንቧዎች ሁሉ ዘግቶ የውኃ ቆጣሪውን ማየት ይበቃል፤ ሁሉም ተዘግቶ የቆጣሪው ትንሿ ጠቋሚ ከተንቀሳቀሰች ከቆጣሪው ወዲህ የሆነ ቦታ ይፈሳል። ጣሪያ፣ አሸንዳና ቧንቧ ይቀድማሉ፤ ቀጥሎ የኤሌክትሪክ መስመር፣ ከዚያ ልስንና ወለል፣ ቀለም በመጨረሻ። ለሠሪውም ቢሆን ገንዘብ የምከፍለው ያለቀውን ሥራ እያየሁ ነው፤ ግድግዳ ውስጥ የሚቀበር ነገር ሳይፈተሽና ፎቶ ሳይነሣ እንዳይሸፈን በውላችን ውስጥ አስገባለሁ።

ሁለተኛውን ቤት ስጎበኝ ሻጩ ሳሎኑን ሊያሳየኝ ሲጣደፍ እኔ ቆጣሪው የት እንዳለ ጠየቅሁ፤ ትንሽ ሳይገርመው አልቀረም። ወጥ ቤቱ አሮጌ ቢሆንም የመደርደሪያዎቹን ማጠፊያና እጀታ ብቻ አስቀይሬ አሸንዳውን በሙሉ አሳደስኩ። ተከራዩ በሰባተኛው ሳምንት ገባ።