በክርክር ክበቡ ዘንድ
ዛሬ ከሰዓት በኋላ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች ክበባትን እንቅስቃሴ ስመለከት ዋልሁ። ረዘም ላለ ጊዜ የቆየሁት በክርክር ክበቡ ዘንድ ነበር፤ ተከራካሪዎቹ የሚቆሙለት ወገን የሚወሰነው በዕጣ ስለሆነ፣ ስልክ ከክፍል መከልከሉን አጥብቃ የምትቃወም አንዲት ተማሪ ክልከላውን ደግፋ እንድትናገር ደረሳት፤ ይህንንም (እንደኔ ፍርድ) ከተጋጣሚዎቿ ሁሉ በተሻለ ተወጣችው። የማያምኑበትን ሐሳብ በሚገባ ለማስረዳት የሌላውን ወገን ምክንያት በቅንነት መመርመር ስለሚጠይቅ፣ ይህ የፈተና ወረቀት በቀላሉ የማይለካው ችሎታ ነው። የሒሳብ ክበቡ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1959 በሩማኒያ በ7 አገሮች ተሳትፎ ስለተጀመረው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ኦሊምፒያድ የግድግዳ ጽሑፍ አዘጋጅቶ ነበር። ቅር ያሰኘኝ፣ ክበባቱ የሚሰበሰቡት ከትምህርት ሰዓት ውጭ ብቻ በመሆኑ ቤተሰብ የማገዝ ኃላፊነት ያለባቸው ተማሪዎች መቅረታቸው ነው፤ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ቢመደብላቸው እነርሱም ይሳተፉ ነበር።