ያልመጣውን ውጤት መቁጠር

ለድረ ገጽ ሥራ ስለሚጻፉ አውቶማቲክ ቴስቶች (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሹ ፕሮግራሞች) ሲወራ አብዛኛው ጨዋታ ስለ አጻጻፋቸው ነው፤ ውጤታቸው ከየቦታው ተሰብስቦ እንዴት ሪፖርት እንደሚደረግ ግን እምብዛም አይነሳም። እኔ ከባዱ ሥራ ያለው እዚያ ነው ባይ ነኝ። የወደቀ ቴስት ራሱ ይጮኻል፤ ሪፖርት የሚያዘጋጅ ሰው ሊጨነቅበት የሚገባው ውጤቱ ጨርሶ ያልደረሰው ቴስት ነው።

የምንሠራው ከፊሎቻችን ደሴ ፒያሳ አካባቢ፣ የቀሩት ደግሞ ኮምቦልቻ ሆነን ሲሆን፣ ለነጋዴዎች የዕቃና የሽያጭ መመዝገቢያ የሚሆን ሥርዓት እንጽፋለን። ቴስት ተጀምሮ ሳያልቅ መብራት ቢጠፋ ወይም ኔትወርክ ቢቋረጥ በሁለቱም ከተማ የሚገረም የለም። ኮዱን ወደ ጊትሃብ (ኮድ የሚቀመጥበት የኢንተርኔት አገልግሎት) ልኮ ውጤት መጠበቅ ሁልጊዜ ስለማይቻል፣ ብዙው ቴስት በየሰው ላፕቶፕ ይሮጥና ውጤቱ ኔትወርክ ሲመለስ ወደ አንድ ሰርቨር ይላካል።

ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት ፕሮግራሙ ሲዘጋ የሚመልሰው ቁጥር ነው። 0 ከሆነ ሁሉም አልፏል፣ ከ0 ሌላ ከሆነ የተበላሸ ነገር አለ ማለት ነው፤ ቴስቶችን ጊትሃብ ላይ የሚያስሮጠው ጊትሃብ አክሽንስ አረንጓዴውን (ያለፈውን) ከቀዩ (ከወደቀው) የሚለየው በዚህ ነው። ይህ ቁጥር ግን በቀላሉ ይዋጣል። የቴስቱን ጽሑፍ በስክሪን እያየን ወደ ፋይልም እንዲቀዳልን ብለን በፓይፕ (የአንዱን ትዕዛዝ ውጤት ለሌላው በሚያቀብለው ምልክት) ወደ ቲ ትዕዛዝ ስናስተላልፈው፣ ትዕዛዞቹን የሚያስፈጽመው ባሽ የሚያየው የመጨረሻውን ትዕዛዝ፣ ማለትም የቲን ቁጥር ነው፤ ቲ ደግሞ ፋይሉን በደህና እስከ ጻፈ ድረስ 0 ይመልሳል። ቴስቱ ወድቆ ሳለ ምልክቱ አረንጓዴ ይሆናል። መድኃኒቱ ከተያያዙት ትዕዛዞች አንዱ እንኳ ቢወድቅ ውድቀቱን የሚያስቆጥረውን፣ ፓይፕፌይል የተባለውን የባሽ አማራጭ ማብራት ነው። በጊትሃብ አክሽንስ የሊኑክስ ማሽን ላይ፣ ሼሉ (ትዕዛዝ አስፈጻሚው) ባሽ እንዲሆን በግልጽ የጻፈ ሰው ፓይፕፌይልን በርቶ ያገኘዋል፤ ሳይጽፍ ለተወው ግን ያው ባሽ ቢሮጥለትም አይበራለትም። (ይህ ልዩነት እንዲህ እንዲቀር ለምን እንደተፈለገ እስካሁን አልገባኝም።) በዚያ ላይ አንድ እርምጃ ሲወድቅ ተከታዮቹ በነባሪው አሠራር ስለሚዘለሉ፣ ሪፖርቱን የሚልከው እርምጃ በማንኛውም ሁኔታ እንዲሮጥ ካልታዘዘ ሪፖርት የሚደርሰን ሁሉም ሰላም በሆነ ቀን ብቻ ይሆናል።

ቀጥሎ የሚመጣው የፎርማት ጉዳይ ነው። ዛሬ ጄስትም ሆነ ፕሌይራይት፣ ሌሎቹም የቴስት መሣሪያዎች ውጤታቸውን ሊያወጡበት የሚችሉት የጋራ ፎርማት የጄዩኒት ኤክስኤምኤል የሚባለው ነው። ኬንት ቤክና ኤሪክ ጋማ ጄዩኒትን (የጃቫ ቋንቋ የቴስት መሣሪያ) የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1997 ከዙሪክ ወደ አትላንታ ሲጓዙ አውሮፕላን ውስጥ ቢሆንም፣ ፎርማቱ የተስፋፋው ጄዩኒትን ያስሮጥ ከነበረው፣ አፓቼ አንት ከተባለው የጃቫ ፕሮግራም መገንቢያ ተነሥቶ ነው፤ ሁሉም የተስማማበት ይፋዊ ደረጃም የለውም። ለእኛ ሁኔታ ትልቁ ድክመቱ ግን ሌላ ነው፤ ፋይሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ቴስቱ ሁሉ ካለቀ በኋላ ስለሆነ፣ መሐል ላይ መብራት ከጠፋ የሚቀረው ግማሽ ሪፖርት ሳይሆን ባዶ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1987 ከፐርል ቋንቋ ጋር የመጣው፣ ታፕ የተባለው የቴስት ውጤት ፎርማት በዚህ ረገድ ይሻላል። እያንዳንዱ ቴስት እንዳለቀ አንድ መስመር ይጽፋል፤ ከዚህም በላይ «ከ1 እስከ 120» እንደሚል ዓይነት የዕቅድ መስመር አለው። የአባላቱን ስም ዝርዝር ይዞ የተቀመጠ የዕቁብ ዳኛ ማን እንዳልከፈለ ለማወቅ ማንንም መጠየቅ እንደማያስፈልገው ሁሉ፣ ታፕን የሚያነብ ፕሮግራምም 120 ተብሎ 74 ላይ ከቆመ 46ቱ እንደቀሩ ያውቃል። ዕቅዱ መጨረሻ ላይ እንዲጻፍም ይፈቀዳል፤ ያኔ ደግሞ የዕቅዱ መስመር አለመኖሩ ራሱ ጉድለቱን ይናገራል።

ኤክስኤምኤሉን ሙሉ በሙሉ መተው ስላልቻልን፣ ከታፕ ሐሳቡን ብቻ ወሰድን። ቴስት ሲጀመር «ተጀምሯል» የሚል መዝገብ ከመለያ ቁጥር ጋር እዚያው ላፕቶፑ ላይ ይጻፋል፤ ኔትወርክ ሲገኝ ወደ ሰርቨሩ ይሄዳል፤ የማጠናቀቂያው መዝገብ በጊዜው ካልተከተለው ሰርቨሩ «ያላለቀ» ብሎ ከወደቁት ጋር ይመድበዋል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም የሚለው ብሂል እዚህ አይሠራም።

ሪፖርቱ ሰው ጋ የሚደርሰው በቴሌግራም ቡድናችን ነው። እዚህም ያው ጣጣ በሌላ መልክ ይመጣል። የቴሌግራም መልእክት ከ4096 ፊደላት መብለጥ አይችልም፤ ቦቱ (ሪፖርቱን የሚልከው ፕሮግራም) ከዚያ የረዘመ ሲልክ የቴሌግራም ሰርቨር ስህተት ነው ብሎ ይመልስበታል። ጥቂት ቴስት የወደቀበት ቀን መልእክቱ አጭር ስለሆነ ይደርሳል፤ ብዙ የወደቀበት ቀን ከነስህተት ዝርዝሩ ስለሚረዝም ይቀራል። ስለዚህ በመልእክቱ ላይ የምንጽፈው ድምሩንና የወደቁትን ስም ብቻ፣ ስሙም ከበዛ የመጀመሪያዎቹን ጥቂቶች ብቻ ነው፤ ዝርዝሩ በፋይል ይያያዛል።

ከላፕቶፕ የሚመጣውን ውጤት መሰብሰብ እንደሚያዋጣ ያሳየን አንዴ የሚያልፍ፣ አንዴ የሚወድቅ አንድ ቴስት ነው። እንዲህ ያለው ጠባይ የትልልቆቹም ራስ ምታት ነው፤ ጎግል እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ጽሑፍ ከቴስት ሩጫዎቹ 1.5 በመቶ ያህሉ፣ ከቴስቶቹ ደግሞ 16 በመቶ የሚጠጉት ይህ ጠባይ እንዳለባቸው ገልጾ ነበር። የተለመደው መላ ድጋሚ ማስሮጥ ነው፤ ድጋሚ ሲያልፍ ግን የመጀመሪያው ውድቀት ከሪፖርቱ ከጠፋ ሌላ ያልመጣ ውጤት ፈጠርን ማለት ነው። እኛ ሁለቱንም እንመዘግባለን። የእኛው ቴስት የዕለቱን ሽያጭ የሚደምር ሲሆን፣ ጊትሃብ ላይ አንድ ቀን እንኳ ወድቆ አያውቅም። ውድቀቶቹን በሰዓት ስንደረድራቸው ሁሉም በላፕቶፕ ላይ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ተሰልፈው ተገኙ፤ ቀን መብራት ጠፍቶበት ሌሊት የሚሠራ ባልደረባ ባይኖረን ኖሮ ጨርሶ አይታዩም ነበር። ኮዱ አንድ ቦታ ላይ ቀኑን በኮምፒውተሩ ሰዓት፣ ሌላ ቦታ ላይ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ይወስዳል። የእኛ ሰዓት ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ስለሚቀድም፣ በእነዚያ ሰዓታት እዚህ ቀኑ ሲቀየር ዩቲሲ ገና ትናንት ላይ ነው። የጊትሃብ ማሽን ሰዓቱ ራሱ ዩቲሲ ስለሆነ ልዩነቱን ሊያየው አይችልም።

ይህን ለማግኘትም መጀመሪያ ሰዓቶቹን ማስታረቅ ነበረብን። በሰፊው የተሰራጨው የጄዩኒት ኤክስኤምኤል መግለጫ ሰዓቱ ያለ ሰዓት ሰቅ እንዲጻፍ ያዝዛል፤ መሣሪያዎቹ ደግሞ አንዳንዶቹ ይጽፉታል፣ አንዳንዶቹ አይጽፉትም። ስለዚህ ላኪው ስክሪፕት የራሱን ሰዓት ከነሰቁ ይጨምርበታል።

የቀረው የተዘለሉት ቴስቶች ነገር ነው። «ለጊዜው ይቆይ» ተብሎ የተዘለለ ቴስት ከወደቁት ጋር ስለማይቆጠር ማንም አያነሳውም፤ ስለዚህ በየሪፖርቱ አናት ላይ ብዛታቸውንና ከሁሉም የቆየው የትኛው እንደሆነ እንጽፋለን። በአሁኑ ጊዜ አንጋፋው ጳጉሜን 6ን የሚፈትነው ነው። ከ2015 ዓ.ም. በኋላ ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆነው በ2019 ዓ.ም. ስለሆነች፣ እስከዚያ ከመጠበቅ ቀኑን ከኮምፒውተሩ ሳይሆን ከቴስቱ ራሱ እንዲወስድ ተደርጎ እንዲከፈት ኮምቦልቻ ላለችው ባልደረባችን ተመድቧል።