ስኳር በእናት በኩል

የስኳር በሽታ እንዳለብኝ ሲነገረኝ ገና ሠላሳዎቹን ማጋመሴ ነበር። ሰውነቴ ቀጭን ነው። ካርዴ ላይ «ዓይነት 2» ተብሎ ተጻፈ፣ ሜትፎርሚን ታዘዘልኝ፣ ክብደት እንድቀንስ የሚመክር ወረቀትም ተጨመረልኝ። ከየትኛው ሥጋዬ ላይ እንደምቀንስ የነገረኝ ግን አልነበረም።

ነገሩ አልዋጥልኝ ስላለ የቤተሰቤን የዘር ሐረግ በወረቀት ላይ መሳል ጀመርኩ። ስኳር ያለባቸውን በአንድ ቀለም፣ ጆሮ የሚከብዳቸውን በሌላ ምልክት አደረግሁ። ጆሮን ያስገባሁት በእናቴ ምክንያት ነው፤ ስልኳ ሲጮህ አትሰማም፣ ሲንቀጠቀጥ ግን ታነሣዋለች። ሥዕሉ ሲያልቅ ሁለቱ ቀለሞች በእናቴ ወገን ተደራርበው ታዩ፤ አያቴ፣ አክስቴ፣ እናቴ። ከሁሉም የሚያስገርመው አጎቴ ነበር። እሱ ሁለቱም አለበት፤ ልጆቹን ግን አንዱም አልነካቸውም።

በእናት በኩል እየወረደ ወንድ ላይ ሲደርስ የሚቆም በሽታ በህዋስ ውስጥ ጉልበት የሚያመነጨውን ሚቶኮንድሪያን ያስጠረጥራል። ሚቶኮንድሪያ የራሱ የሆነ አነስተኛ ዲኤንኤ አለው፤ 16,569 ፊደላትና 37 ዘረ መሎች፣ የሚወረሰውም ከእናት ነው። ኢንሱሊን የሚሠራው የቆሽት ቤታ ህዋስ በደም ውስጥ ስኳር መጨመሩን የሚያውቀው በዚሁ ሚቶኮንድሪያ ነው። ስኳሩ ተቃጥሎ ኤቲፒ የሚባለው የህዋስ ጉልበት ይሠራል፤ ኤቲፒው ሲበዛ የፖታሲየም መተላለፊያዎች ይዘጋሉ፣ ካልሲየም ይገባል፣ ኢንሱሊን ይለቀቃል። ኃይል ማመንጫው ከደከመ ኢንሱሊኑ ይቀንሳል።

ወረቀቱን ለሐኪሜ ሳሳያቸው ጥቂት ዝም ብለው አዩትና ደም ሳይሆን ሽንት እንድሰጥ ጠየቁኝ። የተለወጠው ዲኤንኤ በደም ውስጥ ያለው ድርሻ ከዕድሜ ጋር ስለሚመናመን ደም ብቻ የተመረመረ ሰው በከንቱ ነጻ ሊባል ይችላል። ውጤቱ በሚቶኮንድሪያው ዲኤንኤ 3243ኛ ቦታ ላይ «ኤ» የሚባለው ፊደል ወደ «ጂ» መለወጡን አሳየ፤ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከስኳር በሽታና ከመስማት ችግር ጋር ተያይዞ የሚታወቀው ለውጥ ነው። እህቴም ተገኝቶባታል፣ ስኳሯ ግን ደህና ነው። ጤነኛውና የተለወጠው የዲኤንኤ ቅጂ በአንድ ህዋስ ውስጥ ተቀላቅለው ስለሚኖሩ መጠናቸው ከሰው ሰው፣ ከአካል አካል ይለያያል።

ሜትፎርሚን፣ ሚቶኮንድሪያ ሲደክም በደም ውስጥ የሚጠራቀመውን ላክቲክ አሲድን ሊያባብስ ስለሚችል ተቋርጦልኝ ወደ ኢንሱሊን ተዛወርኩ። ልቤ፣ ኩላሊቴና ዓይኔም በየጊዜው ይታያሉ።

የቫይረስ ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኢንፍሉዌንዛ ያዘኝና ምንም ሳልበላ ስኳሬ ሽቅብ ወጣ። ይህ በማንኛውም የስኳር ታማሚ ላይ የሚደርስ ነው፤ ሰውነት ሲታመም የሚረጫቸው ሆርሞኖች ኢንሱሊንን ይገዳደራሉ። በእኔ ላይ የሚጨመረው ትኩሳት የሚጠይቀውን ጉልበት ለማውጣት ሚቶኮንድሪያዬ መቸገሩ ነው። ሳነብ ደግሞ በሚቶኮንድሪያ ውጫዊ ሽፋን ላይ ኤምኤቪኤስ የሚባል፣ ቫይረስ መግባቱን የሚያስታውቅ ፕሮቲን በ2005 እ.ኤ.አ. መታወቁን አገኘሁ። «እንግዲያውስ ለቫይረስ ተጋላጭ ነኝ» ብሎ ለመደምደም ያጓጓል፤ ግን የፕሮቲኑ ዘረ መል ያለው በሚቶኮንድሪያ ሳይሆን በህዋሱ እምብርት፣ በኒውክለስ ውስጥ ነው፣ ስለዚህ የእኔ ለውጥ በቀጥታ አይነካውም። በእናት የዘር ሐረግ ምድቦችና በኤችአይቪ ሕመም ፍጥነት መካከል ዝምድና ያገኙ ጥናቶችም የሚናገሩት ስለ ብዙ ሰዎች አማካይ እንጂ ስለ አንድ ሰው ዕጣ አይደለም።

ሚቶኮንድሪያ ሲጎዳ ስኳርም ሊዛባ እንደሚችል ለእኔ ይበልጥ ጠንካራው ማስረጃ ስታቩዲን የተባለው የቀድሞ የኤችአይቪ መድኃኒት ነው። ቫይረሱን ሲከላከል የሚቶኮንድሪያን ዲኤንኤ የሚቀዳውን ኢንዛይም ይጎዳ ነበር። ስብ ማቅለጥና የላክቲክ አሲድ መብዛት አስከትሎ፣ በአንዳንዶችም ስኳር ከፍ አድርጎ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. አገሮች ቀስ በቀስ እንዲተዉት መከረ።

አሁን የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በየዓመቱ እወስዳለሁ። ትኩሳት ሲጀምረኝ ስኳሬን ቶሎ ቶሎ እለካለሁ፣ ፈሳሽ አበዛለሁ፣ ባልበላም ኢንሱሊኔን ጨርሶ አላቋርጥም፤ ማስመለስ ከቀጠለ ሐኪም ቤት ሄጄ የላክቲክ አሲዴ እንዲለካ እጠይቃለሁ። ለውጡ ከአባት ስለማይወረስ ወንድሜ ልጆቹን ማስመርመር አላስፈለገውም። የእህቴ ልጆች ግን የመስማት ምርመራቸውን ጀምረዋል፣ የዘር ምርመራውን ራሳቸው ሲያድጉ እንዲወስኑ ተስማምተናል።