ለእናቴ ቀኝ ዓይን የተደረገ ምሕረት

የቅዱስ ገብርኤል አምላክ ለእናቴ ያደረገላትን ለመመስከር ስለት ስለነበረብኝ ይህን እጽፋለሁ።

እናቴ ከሐዋሳ ወጣ ባለ ገጠር ልጆች ስታሳድግ ኖራ በትራኮማ ተይዛ ነበር። ትራኮማ በዝንብ፣ በእጅና ፊት በሚጠረግበት ጨርቅ የሚተላለፍ በሽታ ሲሆን፣ ደጋግሞ ሲይዝ የዓይን ቆብን በውስጥ በኩል ጠባሳ ያስይዘውና ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዚህ በሽታ ሴቶች ከወንዶች እስከ 4 እጥፍ ለዓይነ ስውርነት ይዳረጋሉ፤ ዓይኑ የታመመውን ሕፃን አቅፋ የምትውለው እናት ናትና።

ወረንጦዋ በነጠላዋ ጫፍ ተቋጥሮ ከእርሷ አይለይም ነበር። ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ሽፋሽፍቷን ትነቅላለች፤ ጥቂት ቀን ፋታ ታገኛለች፤ ተሰብሮ የቀረው ግን አጥሮና ጠንክሮ ይበቅልና ብሌኗን እንደ እሾህ ይወጋታል። ስንጠይቃት «ጭሱ ነው ልጆቼ» ትለን ነበር። እንዲህ እያለች የግራ ዓይኗ ነጭ ለብሶ ጠፋ።

ሐዋሳ አምጥቼ ሳስመረምራት፣ የግራው እንደማይመለስ፣ ቀኙ ግን የቆቡ ጠርዝ በቀዶ ሕክምና ወደ ውጭ ቢመለስ ሊተርፍ እንደሚችል ተነገረን። እናቴ «የቀረችኝን አንዲት ዓይን ለምላጭ አልሰጥም፤ ጸበሉ ይበቃኛል» አለች። እኔም ጸበል የምጠመቅ ነኝና ልከራከራት አልቻልኩም። ወደ ሐዋሳ ቅዱስ ገብርኤል ሄጄ «ዓይኗን እንድታተርፍላት ልቧን አራራልኝ» ብዬ ተሳልኩ።

በዚያው ሰሞን፣ ማንም ሳይልካት፣ አንዲት ጎረቤታችን ለቡና መጣች። ምስር እየለቀመች ስትጫወት እርሷም ያንኑ ሕክምና ማድረጓን አነሣች። እናቴ ጆሮዋን ሰጠቻት። ሴትዮዋ የእናቴን እጅ ይዛ የራሷን የዓይን ቆብ አስዳሰሰቻትና «ይኸው፣ ምስሩን የምለቅመው በዚህችው ዓይን ነው» አለቻት። እናቴ ዝም ብላ ቆየችና «መቼ ነው የምንሄደው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ለወራት ለምኜ ያላገኘሁትን እግዚአብሔር በአንድ ስኒ ቡና ሰጠኝ፤ ይህን አጋጣሚ ነው ብዬ ልቀበለው አልችልም።

ቆቧ በመርፌ ደንዝዞላት፣ ድምፅ ሳታሰማ አቡነ ዘበሰማያት እየደገመች ሕክምናው ተፈጸመ። በማግስቱ ፋሻው ሲነሣ መጀመሪያ የተናገረችው «አይወጋኝም» የሚል ነበር። ሽፋሽፍቱ ዳግም ሊታጠፍ ስለሚችል አሁንም በቀጠሮዋ እየሄደች ትታያለች።

ጌታችን ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ጭቃ ቀብቶት በሰሊሆም እንዲታጠብ እንደ ላከው በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ተጽፏል። በቃሉ ብቻ መፈወስ የሚቻለው አምላክ ጭቃና ውኃን ከተጠቀመ፣ በሐኪም እጅም እንደሚሠራ አምናለሁ፤ እናቴም ጸበሏን አልተወችም።

የግራ ዓይኗ አልበራም፤ ይህንን ሸሽጌ ብመሰክር ምስክርነቴ ሐሰት ይሆናል። ሐምሌ 19፣ ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ ከፈላው ውኃ የዳኑበት በዓል ሲከበር፣ የተሳልኩትን ጃንጥላ እርሷው ይዛ መሪ ሳያስፈልጋት ገባች። ዛሬ ዓይኗ የሚያነባ ሴት ስታገኝ «ወረንጦ ይዘሻል?» ብላ ትጠይቃለች፤ ይዣለሁ ያለቻትንም ራሷ ጤና ጣቢያ ታደርሳለች። ለዚህ ያበቃት አምላክ ስሙ የተመሰገነ ይሁን።