ጎማው ለምን ተነፈሰ? ሳይክል መጠገንን ከበጎ ፈቃደኞች እንዴት እንደተማርኩ

ወደ ወርክሾፑ የሄድኩት ለመማር አልነበረም። የሳይክሌ የኋላ ጎማ በየጊዜው እየተነፈሰ መከራዬን ሲያበላኝ፣ «እዚያ ቦታ በነፃ ይሠሩልሻል» ስላሉኝ ነው። በነፃ የሚለው እውነት ነው። ይሠሩልሻል የሚለው ግን አልሠራም።

ቦታውን የሚያስተዳድሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ደሞዝ የሚከፈለው ሰው የለም። ሰዎች የማይፈልጉትን አሮጌ ሳይክል አምጥተው ይሰጣሉ። ነፍስ ያለው ተጠግኖ ለሚያስፈልገው ሰው ይሄዳል። ያበቃለት ደግሞ ይፈታል፤ ፔዳሉ፣ ካቮው፣ ቸርኬው፣ ብሎኑ ሳይቀር በየሳጥኑ ይገባል። መሣሪያዎቹ የሚሰቀሉት ግድግዳ ላይ ነው። ከእያንዳንዱ ኋላ ቅርጹ በቀለም ተሥሏል፤ አንድ መፍቻ ከጎደለ ባዶው ቅርጽ ወዲያው ያሳብቃል። መዝጊያ ሰዓት ላይ ባዶ ቅርጽ ከታየ ሁሉም ሰው አጎንብሶ መሬት መሬቱን ያያል።

አንድ ሕግ አላቸው፤ ሳይክሉን የሚፈታው ባለቤቱ ነው።

የእኔን ጎማ ያዩልኝ ጡረታ የወጡ፣ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው አጠገቤ ቆሙ። እኔ መፍቻ ወዴት እንደሚዞር እንኳ አላውቅም።

«ጋሼ፣ እርስዎ ቢፈቱት አይሻልም?»

«እኔማ ስፈታ ነው የኖርኩት። አንቺ ፍቺው።»

አልዋሽም፣ ትንሽ ተናድጃለሁ። ግን ፈታሁት። ቸርኬው ወጣ። ከመነዳሪውን፣ ማለትም ንፋስ የሚይዘውን የውስጥ ጎማ፣ ጎትቼ ላወጣው ስል አስቆሙኝ። «ቆዪ! ቫልቮላው ጎማው ላይ ካለው ጽሑፍ አንጻር የት ጋ እንዳለ መጀመሪያ አይተሽ ያዢ» አሉኝ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። እንዳሉኝ አደረግኩ።

ከመነዳሪውን ነፍቼ ጉንጬ አጠገብ ቀስ እያልኩ አዞርኩት። አንድ ቦታ ላይ ቀጭን ንፋስ ጉንጬን ነካኝ። ቀዳዳው ተገኘ። ቀጥለው «በነበረበት አቀማመጥ ጎማው ላይ መልሰሽ አስተኚው» አሉኝ። ያኔ ነው የቫልቮላው ነገር የገባኝ። ቀዳዳው ጎማው ላይ የት ጋ እንደሚያርፍ ወለል ብሎ ታየ። እዚያ ቦታ ላይ የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ስጠርገው ጨርቁ ያዝ አለ። (በጣት አይደለም፤ ጣት ይቆረጣል።) ከጥፍር ቁራጭ የማትበልጥ ሽቦ ተሰክታለች። ከውጪ ብታዩት ምንም የለም። በፒንሳ ስቤ አወጣኋት።

ያንን ከመነዳሪ ከዚያ በፊት ደጋግሜ ከፍዬ አስለጥፌዋለሁ። አዲስም ቀይሬ ነበር። የለጠፈልኝ ሰው ልጥፉን በደንብ ነው የሠራው። ሽቦዋን ግን ማንም አልፈለጋትም። አዲስ አሮጌ ሳትል ስትወጋ ከርማለች።

«መድፈኑ ቀላል ነው» አሉኝ ሰውዬው። «መጀመሪያ ለምን እንደተቀደደ ጠይቂ።»

ቀዳዳ እንደሚናገር ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። ቀዳዳው ከመነዳሪው ወደ መንገዱ ባለው ገጽ ላይ ከሆነ፣ ጎማውን ወግቶ የገባ ነገር አለ ማለት ነው። ወደ ቸርኬው ባለው ገጽ ላይ ከሆነ ጎማውን ተዉት፤ ጥፋቱ የቸርኬው ነው። የቸርኬውን ሽቦዎች ጫፍ የሚሸፍነው ጥብጣብ ሸሽቶ ወይም ተቀድዶ ይሆናል። ጎን ለጎን ሁለት ትንንሽ ስንጥቆች ካያችሁ፣ ንፋሱ አንሶ ስትነዱ ጉድጓድ ወይም የድንጋይ ጠርዝ መታችሁ፤ ከመነዳሪው በድንጋዩና በቸርኬው መሀል ተቆንጥጧል። ይሄኛው መድኃኒቱ ልጥፍ አይደለም፤ በቂ ንፋስ ነው። ቫልቮላው ሥር የሚቀደደው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጎማው በንፋስ ማነስ ምክንያት ቸርኬው ላይ እየተንሸራተተ ቫልቮላውን ስለሚጎትተው ነው።

ስለ አለጣጠፉ ብዙ አልልም። ቀዳዳውን ዙሪያውን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ፣ ማስቲሹን ስስ አድርጎ ቀባ፣ ከዚያ መጠበቅ። ሰው ሁሉ የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ማስቲሹ እርጥብ እያለ ከተለጠፈበት አይይዝም። አምስት ደቂቃ ያህል ተትቶ፣ ሲነኩት ጣት ላይ የማይቀር ሲሆን ነው ልጥፉ የሚቀመጠው። ከዚያ ጠርዝ ጠርዙን ጫን ጫን።

ጎማ ከተነሣ አይቀር፣ አዲስ ጎማ ልትገዙ ከሆነ «26 ኢንች» የሚለውን አትመኑ። ወርክሾፑ ውስጥ 26 የተባሉ ሁለት ጎማዎች አንዱ በሌላው ቸርኬ ላይ አልገባ ብሎ ስንታገል አይቻለሁ። ጎማው ጎን ላይ በሰረዝ የተያያዙ ሁለት ቁጥሮች አሉ። ለምሳሌ 47-559። የመጀመሪያው የጎማው ስፋት ነው። ሁለተኛው ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ክብ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ስፋት (ዲያሜትር) ነው፣ በሚሊ ሜትር። የተራራ ሳይክል 26 ኢንች ብዙውን ጊዜ 559 ነው። 26 × 1 3/8 የሚባለው የድሮ ሳይክል ጎማ ግን 590 ነው። የ31 ሚሊ ሜትር ልዩነት አላቸው፤ ሁለቱም ስማቸው 26! ይህን አጠራር ያወጣውን ሰው ባገኘው እከሰዋለሁ። በሌላ በኩል 700 እና 29 ኢንች የሚባሉት ስማቸው ተለያይቶ ሁለቱም 622 ናቸው። ሁለተኛውን ቁጥር ብቻ ያዙ።

ጎማዬ ከተሠራ በኋላም መሄዴን አላቆምኩም። ብዙ የተማርኩት ደግሞ የራሴን ሳይክል በመሥራት አይደለም። ያበቃላቸውን ሳይክሎች በመፍታት ነው። እዚያ የሚበላሽ ነገር ስለሌለ እጅ አይፈራም። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላውቅም። ቪዲዮ አይጠቅምም ማለቴ አይደለም፤ እኔም አያለሁ። ቪዲዮው ላይ ያለው ሳይክል ግን ሁሌም ንጹሕ ነው፤ ብሎኑም ሁሌ እሺ ይላል። የአሮጌ ሳይክል ብሎን ዝጎ ከዳዶው ጋር አንድ ሆኗል። እሱን በጉልበት ከታገሉት የብሎኑ ጭንቅላት ይላጣል፣ ከዚያ መፍቻ የሚይዘው ነገር አይኖርም። «ዘይት አንጠባጥቢበትና ነገ ነይ» የሚባለውን ምክር መጀመሪያ እንደ ማባረሪያ ነበር የሰማሁት። ለካ ሥራው እሱ ኖሯል።

ፔዳል መፍታትም እዚያው ነው የለመድኩት። የግራው ፔዳል አጠባበቁ የተገላቢጦሽ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው እፈታለሁ ብሎ እያጠበቀ ላቡን ያፈስሳል። የተገላቢጦሽ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በተለመደው አቅጣጫ ቢሠራ ኖሮ በምንነዳበት ጊዜ ጫናው እየዞረ ቀስ በቀስ ይፈታው ነበር። ቀኝና ግራ ለሚምታታበት ሰው አንዲት ልጅ የነገረችኝ ዘዴ አለ፦ 15 ቁጥር መፍቻውን ወደ ላይ አቁመሽ ያዢው፣ ከዚያ ወደ ኋላ ጎማ ሳቢው። በሁለቱም በኩል ይፈታል። ወደ ፊት ከሆነ በሁለቱም በኩል ይጠብቃል።

ካቴና ላይ ሁሉም ሰው አስተያየት አለው። «ካቴናው ተለጠጠ» እንላለን እንጂ ብረቱ አይለጠጥም። ማያያዣ ፒኖቹ ውስጥ ለውስጥ ይበላሉ፤ እያንዳንዷ ትንሽ ክፍተት ስትደመር ነው ካቴናው የሚረዝመው። የሚለካውም በተራ ማስመሪያ ነው። ከአንድ ፒን እስከ ሌላው ግማሽ ኢንች ነው፣ 12.7 ሚሊ ሜትር። ስለዚህ 24 ክፍተት ሲቆጠር ልክ 12 ኢንች፣ ማለትም 304.8 ሚሊ ሜትር መምጣት አለበት። አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ከበለጠ ካቴናው ይቀየር። ሦስት ሚሊ ሜትር ከደረሰ ግን የኋላውን ጥርስ ይዞት ሄዷል፤ አዲስ ካቴና ብቻ ብታስገቡ በአሮጌው ጥርስ ላይ እየዘለለ ያስቸግራችኋል። በጊዜ የተቀየረ ካቴና ርካሽ ነው የሚሉት ለዚህ ነው። ዘይት ሲቀባ ደግሞ የሚጠቅመው ውስጥ የገባው ነው። ላዩ ላይ የቀረው አቧራ ከመሰብሰብ ሌላ ጥቅም ስለሌለው በጨርቅ ይጠረግ። እግረ መንገዴን፣ ራይት ወንድማማቾች በፈረንጆች 1903 አውሮፕላን ከማብረራቸው በፊት ሳይክል ሠሪና ሻጭ ነበሩ፤ የዚያ አውሮፕላን ሞተርም ፕሮፔለሮቹን ያዞር የነበረው በካቴና ነው። ይህን የነገረኝ ካቴና ሲያጥብ እጁ እስከ ክርኑ የጠቆረ ልጅ ነው። ወርክሾፑ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ወሬ አይጠፋም።

ከሁሉም የወደድኩት የተጣመመ ቸርኬ ማቃናት ነው። ከሩቅ ሲታይ ጥንቆላ ይመስላል። ሳይክሉን መስቀያው ላይ ሰቅሎ፣ ቸርኬውን አዙሮ፣ በፍሬን ጎማውና (ቸርኬውን ጨምቆ በሚያቆመው ላስቲክና) በቸርኬው መሀል ያለውን ክፍተት ማየት ነው። ክፍተቱ አንድ ቦታ ላይ ይጠብባል። ቸርኬው እዚያ ጋ ወደ ቀኝ አዘንብሎ ከሆነ፣ ከሞዞው (ሽቦዎቹ ከሚነሡበት የቸርኬው እምብርት) ግራ በኩል የሚነሡትን ሽቦዎች ማጥበቅ፣ የቀኞቹን ማላላት ነው። ሽቦዎቹ ገመድ እንደሚጓተቱ ሁለት ቡድኖች ናቸው፤ ቸርኬው ቀጥ የሚለው ኃይላቸው እኩል ሲሆን ነው። ቁም ነገሩ መጠኑ ላይ ነው። ሽቦው ቸርኬው ላይ የሚታሰርባትን ትንሽ ዳዶ ሩብ ዙር ብቻ አዙሮ መተው። ከዚያ ቸርኬውን ማዞርና እንደገና ማየት። እጅ ይበላል፤ «ሙሉ ዙር ላድርጋት» ያሰኛል። አንዱን ቦታ ጎትቶ ያቃና ሙሉ ዙር ግን ሌላውን ቦታ ያጣምማል።

ያስተማረችኝ ልጅ ዓይኗን አትጠቀምም ነበር ለማለት ይቻላል። እንደ ክራር ክር ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በጥፍሯ መታ መታ ታደርጋቸውና ትሰማለች። የጠበቀው ይጮኻል፤ የላላው ደነዝ ድምፅ ይሰጣል። የቸርኬው ችግር የት እንዳለ ገና ሳታዞረው ታውቃለች። እኔ እዚያ አልደረስኩም፤ የላላውን ከጠበቀው ለመለየት ግን ጆሮዬ በቅቷል።

ሞዞ ስትፈቱ ደግሞ የብረት ብዮቹን ቁጠሩ። አብዛኛውን ጊዜ የፊቱ በየጎኑ 10 ትንንሽ፣ የኋላው 9 ተለቅ ያሉ ብዮች አሉት። ሳህን ላይ ሳታስቀምጡ ፈትታችሁ አንዷ ከተንከባለለች ቀኑን ሙሉ ትፈልጓታላችሁ። ማርሽ ላይ ያለኝ ምክር አጭር ነው፤ ማርሹ አልገባ ሲል ሁሉም ካቻቢቴ ይዞ ትንንሾቹን ብሎኖች ማዞር ይጀምራል። እነሱ ወሰን ጠባቂ ናቸው፣ ካቴናው ከጥርሱ አልፎ እንዳይወድቅ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የካቮው መላላት ወይም ማርሹ የተንጠለጠለባት ብረት መጣመም ነው። እሱ ሳይታይ ብሎኖቹ አይነኩ።

ፍሬን ላይ ግን ወርክሾፑ ቀልድ አያውቅም። ፍሬን የሠራ ሰው ሌላ ሰው ሳያይለት ከበር አይወጣም፤ ለዓመታት የሠሩትም ቢሆኑ። መጀመሪያ የመጠራጠር ይመስላል። ከተለመደ በኋላ ግን ሰው ራሱ ጠርቶ «እስቲ እይልኝ» ይላል። አብዛኛው ጊዜ የሚገኘው ስህተት ትንሽ ነው፦ ያልጠበቀ ካቮ፣ ጎማውን የሚነካ የፍሬን ጎማ። ዲስክ ፍሬን ላይ ደግሞ የካቴና ዘይት ጠብ እንዳይል፤ ዲስኩን የሚጨምቀው ሸራ ዘይት ከጠጣ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ መጣል ነው ዕጣው።

አሁን እኔም ተራ ይዤ ጀማሪዎችን አያለሁ። ከባዱ ነገር አለመንካት ነው። ሰው መፍቻውን በተቃራኒ አዙሮ ሲታገል ማየት ያሳክካል። እጄን ኪሴ ውስጥ እከታለሁ። «ወዴት ሲዞር ነው የላላው?» ብሎ መጠየቅ ከመንጠቅ የዘገየ ነው፤ ወረፋ ሲበዛ ደግሞ ይብሳል። የተነጠቀ ሰው ግን በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ሳይክል ይዞ ይመጣል።

እንዲህ ዓይነት ቦታ መሄድ ካሰባችሁ ሳይክሉን አጥባችሁ ሂዱ፤ ጭቃ የተሸፈነ ብሎን ለማንም አይታይም። የሚቆሽሽ ልብስ ልበሱ። ችግሩ መቼ መቼ እንደሚከሰት አስተውላችሁ ሂዱ፦ ሲያጠማዝዙት ነው የሚጮኸው? ዳገት ላይ ብቻ ነው? ፔዳል ሳይመታም ይጮኻል? የዚህ መልስ ግማሹን ፍለጋ ያስቀራል። ለመዝጊያ ሰዓት ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ማርሽ አትፍቱ። የተበላሸውን ዕቃም ሳትጥሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ ምን እንደበላው የሚታወቀው ከእሱ ነው።

የሃይድሮሊክ ፍሬን፣ ማለትም በካቮ ፈንታ በፈሳሽ የሚሠራ ፍሬን፣ አየር ማስወጣት ገና አልቻልኩም። እሱን የሚያስተምረው ሰው የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ ዝርዝሩ ላይ ስሜን አስፍሬያለሁ፣ ከፊቴ ሌሎች አሉ።