ኪው ያለ ዩ

የምሠራው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ፣ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው። የማታ ሺፍት ነኝ። ከእራት በኋላ፣ መድኃኒት እስኪታደል፣ ትንሽ ፋታ አለን። ያኔ ሳሎኑ ውስጥ ስክራብል ይዘረጋል፤ ፊደል የተጻፈባቸውን ጠጠሮች ሰሌዳ ላይ እየደረደሩ የእንግሊዝኛ ቃል የሚሠሩበት ጨዋታ ነው።

የሚዘረጉት አንዲት ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው። ዕድሜያቸው ከ80 አልፏል። እንግሊዝኛ አንቺንና እርስዎን አይለይም። እኔ ግን በሆዴ «እማማ» ነው የምላቸው፤ እዚህም እንደዚያው ልጥራቸው። የሚጫወት ሰው ሲጠፋ «ና ቁጭ በል» ይሉኛል። ከነዋሪዎቹ ጋር መጫወት ሥራችን ስለሆነ ማንም አይቆጣም። ችግሩ፣ ሁልጊዜ እሸነፋለሁ። መሸነፉ ብቻ ቢሆን ባልከፋኝ። በ100 ነጥብ በልጠውኝ «እየተሻሻልክ ነው» ይሉኛል። እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

አንድ ማታ ኪው (Q) ደረሰችኝ። ጨዋታውን የፈጠረው አልፍሬድ በትስ የሚባል አሜሪካዊ አርክቴክት ነው። በ1930ዎቹ፣ ሥራ በጠፋበት ዘመን፣ ጋዜጣ ላይ ፊደል እየቆጠረ የትኛዋ ስንት ትሁን ብሎ ወሰነ። ከ100ዎቹ ጠጠሮች 12ቱ ኢ ናቸው። ኪው ግን አንዲት ብቻ ናት። 10 ነጥብ አላት፤ ዩ (U) ከጎኗ ከሌለች ግን ብዙውን ጊዜ እጅህ ላይ ተገትራ ትቀራለች። ዩ ደግሞ በጠቅላላው አራት ናት። ሦስቱ ሰሌዳው ላይ ተደርድረዋል። አራተኛዋ የት እንዳለች ከእማማ ፈገግታ ገመትኩ።

ስልኬን ቀስ ብዬ ጉልበቴ ላይ አደረግኩ። ቃል የሚፈልጉ ድረ ገጾች ሞልተዋል። እጅህ ላይ ያሉትን ፊደሎች ትጽፋለህ፣ «ይህቺ ፊደል ትኑርበት» ትለዋለህ፣ ቃሎቹን ከነነጥባቸው ይዘረግፍልሃል። እኔ የከፈትኩት ግን ትርጉም የሚባል ነገር አላወጣም። እኔም ትርጉም አልፈለግኩም። ሦስት ፊደል ያላት አንዲት ቃል አገኘሁ፦ ኪው፣ ኤ፣ ቲ። ኪውን ቀይዋ ካሬ ላይ አሳረፍኳት። ቀይዋ ካሬ ቃሉን በሦስት ስለምታባዛ 12 የነበረው 36 ሆነ።

እማማ መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ምን ማለት ነው?»

በጨዋታው ሕግ ትርጉም የማወቅ ግዴታ የለብህም። መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ካለ፣ አለ ነው። የእማማ ጠረጴዛ ግን የራሱ ሕግ አለው።

«የድመት ዘር ነው» አልኩ። ድምፁ ከ«ካት» ጋር ስለተመሳሰለብኝ መሆን አለበት።

መዝገበ ቃላቱን ገለጡ። ጣታቸው ወርዳ ወርዳ ቆመች። ቅጠሉ የሚታኘክ ቁጥቋጦ ነው፣ ምሥራቅ አፍሪካና ዓረቢያ ይበቅላል፣ አሉኝ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«አገርህ የት ነበር ያልከኝ?»

እኔ ድሬዳዋ ነው ያደግኩት! የአወዳይ ጫት ሲገባ ከተማው እንዴት እንደሚነቃነቅ ከልጅነቴ አውቃለሁ። የሰፈራችን የመኖች «ቃት» ሲሉም ሰምቻለሁ፤ እንግሊዝኛውም የወሰደው ከዐረብኛው ነው። በጆሮዬ ያደገውን ቃል በዓይኔ ሳየው ድመት አደረግኩት።

እማማ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔም አብሬ ልስቅ ስል ከኋላዬ ሰው ቆሟል። ሱፐርቫይዘሯ ናት። ስልኬ ጉልበቴ ላይ በርቷል። ነዋሪዎች ባሉበት ክፍል ስልክ ማውጣት ክልክል ነው፤ ፎቶ እንዳይነሳባቸው፣ ምስጢራቸው እንዳይወጣ። የኔ ቃል ፍለጋ መሆኑን ባስረዳ ማን ይሰማኛል? ራይት አፕ፣ ማለት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ተጻፈብኝ። ፈረምኩ።

የኛው አገር ነርስ ወሬው ቀድሟት ጠበቀችኝ።

«አንተ ልጅ፣ ሰው በፌስቡክ ይያዛል። አንተ አሜሪካ መጥተህ በጫት ትያዝ?»

«እትዬ፣ እባክሽ ለሰው እንዳትነግሪብኝ።»

በማግስቱ የወጥ ቤት ልጆች ሳይቀሩ «ድመቷ ደህና ናት?» ይሉኝ ጀመር።

ከዚያ ወዲህ ስልኬ ሎከር ውስጥ ነው የሚያመሸው። ኩርፊያዬ ግን ቶሎ አልወጣልኝም። ቤት ገብቼ መከራከሪያ ፈለግኩ፣ አገኘሁም። ናይጀል ሪቻርድስ የሚባል የኒውዚላንድ ሰው እ.ኤ.አ. በ2015 የፈረንሳይኛውን የዓለም ሻምፒዮና አሸንፏል። ፈረንሳይኛ አይናገርም። ቃሎቹን ሸምድዶ ነው። ይህን ለእማማ ስነግራቸው ቀና እንኳ አላሉም።

«እሱ ጭንቅላቱ ውስጥ ነው የያዘው። አንተ ኪስህ ውስጥ።»

ዝም አልኩ። ግን አውቶቡስ ስጠብቅ ወረቀት ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ዩ የማትፈልግ ኪው፣ ከነትርጉሟ። ለካ ብዙዎቹ ከኛው ሠፈር ናቸው። ፋቂር ከዐረብኛ የመጣ ነው፣ ድኻ ማለት። ቆፍ የዕብራይስጥ ፊደል ናት፣ የኛዋ የቀ እህት። እንዲህ የተያዘች ቃል አትረሳም፤ ቢያንስ እኔ አልረሳኋትም።

አንድ ማታ ታዲያ አራት ፊደል ደረደርኩ፦ ቢ፣ አይ፣ አር፣ አር። ብር! የፊደሎቹ ዋጋ 6 ነጥብ ብቻ ነው፤ ደስታዬ ግን ሌላ ነበር። «ይህችን እንኳ እኔው ላስረዳ» ብዬ ለማስታወሻ የያዝኳትን አሮጌ አንድ ብር ከቦርሳዬ አወጣሁ። እማማ አገላብጠው አዩዋት፣ መለሱልኝ። ከዚያ ሳይቸኩሉ ከብሬ ኋላ አራት ጠጠር ቀጠሉ፦ ኦ፣ ቲ፣ ሲ፣ ኤች።

«ቢሮትች» ብዬ አነበብኩ። «እንዲህ የሚባል ቃል የለም። ቻሌንጅ!»

መዝገበ ቃላቱን ወደኔ አዞሩት። ብር የሚለው ቃል ጋ ተጽፏል፣ ብዙ ቁጥሩ ተብሎ። ጮክ ብለው አነበቡልኝ። ደግመው አነበቡልኝ። በሦስተኛው ነው ጆሮዬ የተከፈተው።

ብሮች።

ተራዬ ተቃጠለ፤ ያለቦታው ብትከራከር ሕጉ እንዲያ ነው። እሳቸው 15 ነጥባቸውን ጻፉ። ነርሷ የመድኃኒት ጋሪዋን እየገፋች መጣች። ሰሌዳውን ጎንበስ ብላ አየችው፣ አንገቷን አዘነበለች።

«ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ድመት ነው?»