የአውቶቡስ ወንበር አዘረጋግ

የረጅም ርቀት አውቶቡስ ላይ ብዙ ሰው እጀታውን ሳያገኝ በጀርባው ብቻ ከወንበሩ ጋር ይታገላል። መደገፊያውን አንቆ የያዘው ግን ከመቀመጫው ሥር ያለ መቆለፊያ ነው። በአንዳንዱ ወንበር ጋዝ የታመቀበት ቱቦ ነው፤ የመኪና የኋላ በር ከፍቶ እንደሚይዘው ዓይነት። እጀታውን ስትስቡ፣ ወይም የክንድ ማሳረፊያው ላይ ያለውን ቁልፍ ስትጫኑ፣ መቆለፊያው ይለቃል፤ ስትተዉት መልሶ ይይዛል። ሳይለቅ በጉልበት ሲገፋ መያዣው እየላላ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀመጠው ሰው ሳይነካው ወደ ኋላ የሚወርድ ወንበር ይደርሰዋል።

ከመሳባችሁ በፊት ዞር ብላችሁ እዩ። ከኋላ ያለው ሰው ሻይ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ ጫማውን እየፈታ፣ ወይም ሕፃን ጉልበቱ ላይ አቁሞ ሊሆን ይችላል። «እናቴ፣ ትንሽ ልዘርጋው?» ማለት በቂ ነው። ከዚያ ጀርባችሁን ሙሉ በሙሉ አስደግፉ፣ እጀታውን ስባችሁ ሳትለቁ በጀርባችሁ ቀስ ብላችሁ ተጫኑ፣ የፈለጋችሁት ቦታ ሲደርስ ልቀቁት። አንዴ ወደ ኋላ ተደገፉና ሞክሩት፤ ከተንቀሳቀሰ አልያዘም ማለት ነው።

የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ መመለሱ ነው። ወንበሩ ውስጥ ያለው ሞላ (ስፕሪንግ) ወይም የጋዝ ቱቦው መደገፊያውን ወደ ፊት ስለሚገፋ፣ ማንም ሳይደገፍበት እጀታው ከተሳበ ተፈናጥሮ ይመጣል። መቀመጫው ላይ የቆመ ልጅ ፊቱን ይመታዋል። ስለዚህ ሳትነሱ፣ ጀርባችሁ መደገፊያውን እንደነካ እጀታውን ሳቡና አብራችሁት ቀና በሉ። ባዶ ወንበር ከሆነ አንድ እጅ መደገፊያው ላይ ይሁን። ጣታችሁን ደግሞ መደገፊያውና መቀመጫው ከሚገናኙበት ማጠፊያ አርቁ። የጋቢ ጫፍም እዚያው ነው የሚነከሰው፤ እጀታው ላይ የሚንጠለጠል ፌስታልም መቆለፊያውን በከፊል ከፍቶ ሊያቆየው ይችላል።

በአንዳንድ አውቶቡስ የመተላለፊያ በኩል ወንበር ሌላ እጀታ አለው፤ ወንበሩን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ወደ መተላለፊያው አንሸራትቶ ለትከሻ ቦታ ይሰጣል። ሁለቱን እጀታዎች ማምታታት የተለመደ ነው። ስትወርዱ ወደ ቦታው መልሱት፤ በጨለማ ወይም በአደጋ ጊዜ ሰው የሚወጣው በዚያው ጠባብ መተላለፊያ ነው።

አሁን ቀበቶ። የወገብ ቀበቶ ሥራውን የሚሠራው ዝቅ ብሎ የዳሌ አጥንት ላይ ሲያርፍ ነው። ወንበሩ በጣም ሲዘረጋ ወገብ ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ ቀበቶው ወደ ሆድ ይወጣል፤ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ሰውነት በሥሩ ሾልኮ ያልፋል፣ ጫናውም ለስላሳው የሆድ ክፍል ላይ ያርፋል። የትከሻ ቀበቶ ያለው ወንበር ላይ ደግሞ ቀበቶው ከደረት ይርቅና በመሃል ክፍተት ይተዋል። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወንበሩን ቀና ማድረግ ይሻላል።

እንቅልፍ ለሜዳው መንገድ ይቆይ። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ስትወርዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፣ ጠመዝማዛም ነው፤ ፍሬኑ በተነካ ቁጥር ሰውነት ወደ ፊት ይሄዳል። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ወንበሩን ቀና አድርጉ፣ ቀበቶውን ጠበቅ አድርጉ፣ የተኛውንም ጎረቤት ቀስቅሱ። ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው የጣርማ በር ቁልቁለትም እንዲሁ።

የማይይዝ ወንበር ከገጠማችሁ መኪናው ሳይነሳ ለረዳቱ ንገሩት፣ ቦታ ይቀይርላችሁ። ከኋላው ሻንጣ ወትፎ መጓዝ መፍትሔ አይደለም፤ ሻንጣው ሲንሸራተት ወንበሩ የኋለኛው ሰው ጉልበት ላይ ይወድቃል። የመጨረሻው ረድፍ ደግሞ ከኋላው ግድግዳ ስለሆነ በብዙ አውቶቡስ አይዘረጋም ወይም ጥቂት ብቻ ነው የሚዘረጋው። ትኬት ስትቆርጡ የወንበር ቁጥሩን ጠይቁ።